መጽሔቱ ገና አልመጣም

ሱሉልታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትክልትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከዚህ አገር ብርድ በቀር ጠላት የለኝም።

ስለ አዲሱ ቤት ጠይቀሽኝ ነበር። ሁለት ክፍል ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን። አዲስ አበባን በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚያጠጡት ፋብሪካዎች እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆነው እኛ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። አከራያችን ኦቦ ሞቱማ ድርቆሽ ይሸጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዬ «አካም ጂርቱ» ብለው ሰላም ሲሉኝ ዝም ብዬ ስለማልፋቸው «እናትሽ ኩራተኛ ናት» ብለው ለመኪያ ስሞታ አቀረቡ። ጆሮዬ እንደማይሰማ ከነገረቻቸው ወዲህ ግን ዞረው ከፊቴ ይቆሙና፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከንፈራቸውን እንዳነብ ቀስ ብለው ይናገራሉ። የገዛ ልጄ እንኳ እንዲህ አትታገሠኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጥቅምት «ደጃፍ» የት ገባ? አንድ ግቢ ሳለን ደንባችን የታወቀ ነበር፤ መጽሔቱ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንቺ፣ በሁለተኛው እኔ። ቤታችን ፈርሶ አንቺን ሰበታ እኔን ሱሉልታ ቢጥሉንም ደንቡን ያፈረሰው የለም። የፖስታ ሳጥኑ በስሜ ሆኖ ሳለ ቁልፉን የሰጠሁሽ ፖስታ ቤቱ በመንገድሽ ስለሆነ ነው እንጂ እንድትሾሚበት አይደለም።

እየቀለድኩ ነው፤ ግን የምሬን ነው። ጆሮ ለሌለው ሰው መጽሔት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቴሌቪዥኑ ለኔ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ብቻ ነው። መኪያ ቴሌግራም ከፍታልኝ ነበር፤ አንዱን ስነካ ሌላው እየተከፈተ፣ የማላውቃቸውን ሦስት ሰዎች አስቀይሜ ተውኩት። አዟሪዎቹም ይህን መጽሔት አይዙትም፤ በፖስታ ካልመጣ አይገኝም። በወር አንዴ ከሰው ጋር ተቀምጬ ያወራሁ የሚመስለኝ እሱን ሳነብ ነው።

ደብዳቤዬን መኪያ ለእህትሽ ልጅ ለአማኑ ትሰጠዋለች። እሷ አራተኛ ፎቅ ጉዞ ወኪል፣ እሱ ምድር ቤት ፎቶኮፒ፤ የሁለታችን ልጆች አንድ ሕንፃ ውስጥ መሥራታቸው በጀን።

ያንቺው ሳሊሃ


ሰበታ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሃ እህቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጉልበቴ ታሞ ነበር፤ አሁን ይመስገነው ቀለል ብሎኛል።

መጽሔቱን ትራሴ ሥር ደብቄው አይደለም። ለመንገድ ሥራ ተብሎ የፖስታ ቤቱ ሕንፃ እየፈረሰ ነው። ሳጥኖቹን ነቅለው መጋዘን አስገብተዋል፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ለጊዜው» ይላል። ለጊዜው የምትባለዋን ቃል እኔና አንቺ ከቤታችን በር ላይ እናውቃታለን። የት እንደሚከፈት ሲነገረኝ ወዲያው አሳውቅሻለሁ።

ደብዳቤሽን ለአማኑ አነበብኩለት። ኦቦ ሞቱማ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ጋ ስደርስ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ድሮም በቃል ስታወሪ እንዲህ አታስቂኝም ነበር፤ ብዕር ላይ ሌላ ሰው ነሽ። እባክሽ አታቋርጪ፤ መጽሔቱ እስኪመጣ አንቺ መጽሔቴ ነሽ።

አትክልት


ሱሉልታ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትክልትዬ፣

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰሽ፤ ደብዳቤው ሲደርስሽ በዓሉ ሊያልፍ ስለሚችል ከወዲሁ ብዬዋለሁ።

የፍሬሙን ነገር ሃያ ጊዜ ነግሬሽ የለ? አሁን በታኅሣሡ ደብዳቤሽ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ» ማለትሽ አስገርሞኛል። ይሁን፣ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶኛል። በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤታችን ሦስት ሥራ አስኪያጅ ተፈራረቁበት። አንዱ ሲነሳ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ይወርዳል፣ የአዲሱ ይሰቀላል። ከመተየቡ ሌላ ይህም የኔ ሥራ ነበር፤ ፎቶውን አውጥቼ ሌላውን እከታለሁ፣ ፍሬሙ ግን ያው አንዱ ነው። ሦስተኛው ሰውዬ አንድ ቀን ግድግዳውን ቀና ብለው አዩና «ይህን ፍሬም በኔ ልክ ነው ያሠራሽው?» አሉኝ። «የለም ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት በፍሬሙ ልክ የተሾሙት» አልኳቸው። ለስድስት ወር ማኅደር ክፍል ወረድኩ፤ እሳቸው ግን በአራተኛው ወር ተነሱ።

ይኸው፤ አሁን ደስ አለሽ? በ1998 ይህንኑ ጽፌ ለ«ደጃፍ» ልኬው መልስ እንኳ አልሰጡኝም። ያን ጊዜ ለሦስት ቀን እህል አልበላም ስል በግድ ያጎረስሽኝ አንቺ ነሽ።

ከመፍረሱ የተረፉኝ አሥራ አራት የድሮ እትሞች ናቸው፤ የቀሩት ዝናብ መታቸው። የልብስ ስፌት ትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ሳይቀር በቃሌ ይዤዋለሁ። ፖስታ ቤቱ ምን አለ?

ሳሊሃ


ሰበታ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሃ እህቴ፣

መጽሔቱ ገና አልመጣም። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ «ታገሡ» ነው የሚሉት። በባዶ እጄ ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

በራችን ላይ የማፍረሻው ቀለም የተቀባበትን ቀን ጻፊልኝ ስልሽ ቁስልሽን ልነካካ ብዬ አይደለም። እኔ በዚያ ቀን እያለቀስኩ ስለነበር ምንም አላየሁም፤ ባንቺ ዓይን ልየው ብዬ ነው። ቢቻልሽ ወሩ ሳይጋመስ ላኪልኝ፤ ከዚያ በኋላ አማኑ ሥራ ይበዛበታል።

አትክልት


ሱሉልታ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትክልትዬ፣

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመውልናል። አንድ ግቢ ብንሆን ኖሮ ማን የበለጠ ከሳ እያልን እንፎካከር ነበር።

እንዳልሽው ወሩ ሳይጋመስ ጽፌልሻለሁ። በሩ ላይ ቀይ ምልክት ያደረገው ሠራተኛ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ላብ አጥምቆታል። «ይቅርታ እናቴ» ሲል ከንፈሩን አነበብኩት። ውኃ ሰጠሁት። ሲጠጣ ምልክቱን ሳየው ጠማማ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳቃና የኖርኩ ሴት ጠማማ ነገር በሬ ላይ ተጽፎ ዝም ማለት አልሆንልኝ አለና «አቃናው» አልኩት። ጣሳውን አስቀመጠ፣ ጠረገው፣ ደገመው። ሁለተኛው በጣም ቆንጆ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ፈረሰ። ጎረቤቶቻችንም ግማሹ ቡራዩ፣ ግማሹ ለገጣፎ ተበተኑ።

እዚህ ከገባሁ አሁን ስድስተኛ ወር ሆነኝ። ሰው ዝምታን ይለምደዋል ይላሉ፤ እኔ አልለመድኩትም። መኪያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ ማታ ሁለት ሰዓት ትገባለች፤ ስትገባ ደክሟታል፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው የምታወራው። «ምን አልሽ?» ስላት «ተይው» ትላለች። ያቺን ቃል ብቻ ከፊቷ አነባታለሁ።

እባክሽ ሌላውን ሁሉ ተይና የፖስታ ቤቱን አቶ ኪዳነወልድን ራሱን ጠይቂው። ሃያ ዓመት ያውቀናል፤ ለሳሊሃ ነው በይው።

ሳሊሃ


ሱሉልታ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትክልት፣

አቶ ኪዳነወልድ ጡረታ መውጣቱን ከደብዳቤሽ ሰማሁ። ሳይሰናበተን መሄዱ ከፋኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። መጽሔቱን እንግዲህ ተስፋ ልቁረጥ ይሆን?

ያን ቀን ለምን እንዳነሳሽብኝ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ብዕር አልነካሁም። «ካልጻፍሽው ይበላሻል» ብለሽኛል፤ ምናልባት ልክ ነሽ። አሥር ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ፣ ሆዴም እየፈጀኝ ነው።

የመኪያ አባት ታሞ ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ያኔ ጆሮዬ መጥፋት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ለቢሮም አልተናገርኩ፣ ለሱም አልነገርኩት። ሲጠራኝ ሁሌም ከፊቱ እየተገኘሁ አታልለው ነበር። ልብሱን አስጥቼ ስገባ በሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። አንድ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነው። መኪያ በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችለትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፣ አንዱን እጅጌ ብቻ። እየጠራኝ መምጣቱ ገባኝ። ስጮኽ አንቺ መጣሽ፤ ተሸክመን አልጋው ላይ መለስነው፣ ሹራቡንም አስተካክዬ አለበስኩት። መኪያ ከሥራ ስትመጣ «ተኝቶ ሳለ ነው፣ አልተሠቃየም» አልናት። እስከ ዛሬ ከሐዘኗ የሚያጽናናት ይህች አንዲት ቃል ናት።

አንብበሽ ቅደጂው።

ሳሊሃ


ሰበታ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሃ እህቴ፣

አለቀስኩ። ሌላ ምን ልበልሽ። ደብዳቤውን እንዳልሽው ቀድጄዋለሁ።

መጽሔቱ ገና አልመጣም።

አትክልት


ሱሉልታ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አትክልት፣

ባለፈው ማክሰኞ መኪያ ፈቃድ ወስዳ ለጆሮዬ ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች። ሐኪሙ ያለውን አንቺም መገመት ትችያለሽ። ስንመለስ፣ «ፖስታ ቤቱ አዲስ ቦታ ተከፍቷል የሚል አይቻለሁ፣ ቁርጡን እንወቅ» አለችኝና ገባን።

በመስኮቱ ብቅ ያለው አቶ ኪዳነወልድ ነው። ጡረታ አልወጣም፤ አንድ ጥርስ ብቻ ነው የጎደለው። እንደማልሰማ ስለሚያውቅ በቅጽ ጀርባ ጻፈልኝ። ወረቀቱ ይኸው አጠገቤ ነው፦ «ሳጥንዎ ከጥር 12 ጀምሮ ይሠራል። ወይዘሮ አትክልት በየወሩ እየመጡ ይወስዳሉ። የሰኔው ገና አልተወሰደም። ባለቤቴ የሳቸውን ገጽ በጣም ትወዳለች፤ እንኳን ደስ አለን።» የምን ገጽ እንደሆነ አልገባኝም። መታወቂያዬን አሳይቼ ሳጥኑን አስከፈትኩና መጽሔቱን አወጣሁ።

አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ፎቶሽ አለ። ያማረ ነጠላ ለብሰሻል። «አንባቢዎቻችን በጉጉት የሚጠብቁት» ይላል፣ ከሥሩ ስምሽ ከነአባትሽ። ከዚያ በታች ያለው የኔ ደብዳቤ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ የኔን አማኑ ተየበው። ስሞቹን ቀይረሻል፤ ሳሊሃን ዘነበች አድርገሻታል። ሹራቡን ግን አልቀየርሽውም። ቀለሙን እንኳ አልቀየርሽውም።

መኪያ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አብራኝ ታነብ ነበር። ከኔ ቀድማ ጨረሰች።

 ከዚያ በኋላ ስታወራኝ ፊቷን አዙራ ሆነ፤ ፊቷ ከዞረ ለኔ ማውራትና አለማውራቷ አንድ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። አርብ ዕለት ከሥራ ወጥታ አልተመለሰችም። የት እንዳለች የምታውቂ ከሆነ ደህና መሆኗን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሳሊሃ


ሰበታ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሃ እህቴ፣

መኪያ እኔ ዘንድ ናት፤ ደህና ናት፣ ትበላለች። ይህን በመጀመሪያ ጻፍኩልሽ።

ጥፋተኛ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ግን ተንኮል አልነበረውም። ፖስታ ቤቱ እውነትም ተዘግቶ ነበር። የኦቦ ሞቱማን ደብዳቤ አማኑ ተይቦ ለቀልድ በኢሜይል ለ«ደጃፍ» ላከው፤ የተላከው በኔ ስም ስለነበር በኔ ስም አወጡት። ያን እትም ይዤ ላሳይሽ ነበር። ከዚያ «ሌላ አለሽ ወይ» ብለው ጻፉልኝ። ሳሊሃ፣ እኔን በሕይወቴ ሌላ አለሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ስደረድርና አቧራ ስጠርግ ነው የኖርኩት። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። የመጨረሻውን አላትምም ብዬ ነበር፤ የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ሌላ ምንም በእጄ ስላልነበረኝ ሰጠሁት።

ቢሆንም አንድ ነገር ፍቀጂልኝና ልበል። ያንቺን በ1998 ያላተሙት እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስለጻፍሽው ነው። ያማረልሽ ለኔ ስትጽፊ ነው። እኔ ባልጠይቅሽ አትጽፊውም ነበር። ትንሽም ብትሆን ድርሻ አለኝ። ከፈለግሽ የሚቀጥለውን በስምሽ እናውጣው፤ አዘጋጁን አነጋግረዋለሁ።

መኪያ ተቆጥታኛለች፣ ግን «ቢያንስ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እናትሽ ላይ አትፍረጂ ብያታለሁ። ማታ ማታ አብረን ራት እንበላለን። ሲበርድላት ትመለሳለች።

አትክልት


ሱሉልታ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትክልት፣

ይህንንም ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ልጅ ስለሌለኝ እንዳለፈው ቴምብር ገዝቼ በፖስታ ልኬዋለሁ። ሳጥኑን በስምሽ እንዲያዞርልሽ ለአቶ ኪዳነወልድ ጽፌያለሁ። «ደጃፍ»ንም አንቺው አንብቢው፤ እኔ ከእንግዲህ አያምረኝም።

ድርሻ አለኝ ብለሻል። አለሽ። ላንቺ ባልጽፍ ለማንም አልጽፍም ነበር፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሰው የሚያወራለት አንድ ሰው ሲኖረው የገዛ ቃሉ ያምርበታል። ያን ሰው አጥቼዋለሁ።

ግን ድርሻሽን በሙሉ አልወሰድሽም። ገጹን አራት ጊዜ አነበብኩት። ባል አለ፣ ሚስት አለች፣ መቀርቀሪያው አለ፣ «ደንቆሮነቷን የደበቀች ሴት» አለች። በሁለታችን ቤት መሀል የነበረው ስስ ግድግዳ ግን የለም። በአርባው ሰደቃ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እግሬ ላይ ወድቀሽ የነገርሽኝ የለም። ሦስት ጊዜ «ሳሊሃ» ሲል ሰምተሻል። ጋደም ብለሽ መጽሔትሽን ይዘሽ ነበር፤ እኔ እዚያው ያለሁ መሰለሽ፣ የያዝሽውንም ገጽ ሳትጨርሺ መነሳት አልፈለግሽም። እኔ አልሰማሁም፤ አንቺ ሰምተሻል። ያን ቀን አንስቼሽ ይቅር አልኩሽ፣ አብረን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተነፈስኩም። በግንቦቱ ደብዳቤ እንኳ ያልጻፍኩት እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው። ለካስ ሳላውቀው ጽሑፍሽን አሳምሬልሻለሁ።

ትናንት መኪያ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ሻይ አፈላሁላት፣ አልጠጣችውም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሻንጣዋን ሞላች። ልትወጣ ስትል ተመልሳ ወረቀት ላይ ጻፈችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ፦ «በዚያ ቀን ግቢ ውስጥ የሚሰማው ሌላ ሰው አልነበረም?»

ብዕሩን አነሳሁ። በዕድሜዬ ሙሉ የዚያን ያህል ልጽፍ የፈለግሁበት ቀን የለም። ከበሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሻንጣዋ የሚሄደው ወዳንቺ ቤት ነው። ማታ ራት ከማን ጋር እንደምትበላ አሰብኩ። እኔን እናቷን አንድ ጊዜ አጥታለች፤ አንቺንም ከወሰድኩባት ወዴት ትገባለች?

«ማንም አልነበረም» ብዬ ጻፍኩላት።

ሳሊሃ